ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል

ሰሞኑን ሁለት ወጣቶች በተለያየ ቀን ደወሉልኝ። አንዷ ከሲያትል፣ አንዱ ከዴንቨር። ሁለቱም ስለሚኖሩበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት በአማርኛ መጻፍ ይፈልጋሉ። «ከምን እንጀምር?» አሉኝ። እኔ የጀመርኩት በስህተት ነው፤ ለእነሱ በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር የምትጋራ፣ 17 ሺህ ከምናምን ሰው ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ዝነኛ ስለሆነች አብዛኛው አበሻ ሁለቱን አይለይም። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ከንቲባ እንኳን የላትም፤ የምትተዳደረው በካውንቲው፣ ማለትም ከከተማ በላይ ባለው የአካባቢ አስተዳደር ነው። ታኮማ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ፖሊስና ስድስት የምክር ቤት አባላት አሏት። ይህን ልዩነት ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያውም ሜፕል አቬኑ ላይ ከተደረደሩት ፎቆች በአንዱ እየኖርኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ሆኖ።

ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው። ረቡዕ ረቡዕ «ጋዜት» የሚባል ነጻ የሰፈር ጋዜጣ ይመጣል። የፎቁ መግቢያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጣላል። አንዱን አንስቼ እወጣና ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አነበዋለሁ። ለእንግሊዝኛዬ ብዬ ነው የጀመርኩት። ትልቅ ወሬ አይገኝበትም። የትኛው መንገድ እንደሚቆፈር፣ የትኛው ትምህርት ቤት በእግር ኳስ እንደተሸነፈ፣ ምክር ቤቱ ምን ላይ እንደተጨቃጨቀ። ግን ስለ እኔ ሰፈር ነበር። ስለ እኔ ሰፈር የሚጽፍ ሌላ አላውቅም ነበር።

ጁን 2015 ላይ ተዘጋ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ ዋሽንግተን ፖስትን በ250 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ጋዜትም አብሮ ተሸጦ ነበር። ፖስት ተረፈ፤ ትንሹ ጋዜጣ አልተረፈም። ሰው ማንበብ ስለተወ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ጋዜጣ የሚኖረው በመኪና ሻጩ፣ በቤት ደላላው፣ «ያገለገለ ሶፋ ይሸጣል» በሚለው ማስታወቂያ ነው። ሶፋው ክሬግስሊስት በሚባል የኢንተርኔት ማስታወቂያ ገጽ ላይ በነጻ መሸጥ ጀመረ። ቤትና መኪናውም ኢንተርኔት ላይ ገባ። ጋዜጣ የሌለው ከተማ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከ2005 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ ጋዜጦች ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹ እንደ ጋዜት ያሉ ሳምንታዊዎች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ሲዘጋ አላዘንኩም። ልብም አላልኩትም። የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። የሰፈሩ ወሬ በሙሉ ወደ ቫይበር ግሩፕና ወደ ማኪያቶ ጠረጴዛ ዞሮ ነበር። «መንገዱን ሊዘጉት ነው አሉ።» ማን አለ? «አሉ።»

በ2016 መጀመሪያ ላይ ታክሲ ማቆሚያ አስቸገረኝና አንድ ጓደኛዬ «ምክር ቤት ሄደህ ተናገር» አለኝ። ሳቅኩበት። እኛ አገር ስብሰባ ሲባል ትዝ የሚለኝ ቀበሌ ነው፤ ስም ተጠርቶ፣ ፈርመህ፣ አጨብጭበህ የምትወጣበት። ለማንኛውም ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገርኩ። ከንቲባዋ ማስታወሻ ያዘች። ማንም ወረቀትህን አምጣ አላለኝም፤ የየት አገር ሰው ነህም አላለኝም። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ አዳራሹ ውስጥ ያለነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ስለ ሜፕል አቬኑ ፎቆች እየተወራ ከፎቆቹ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ብሎግ ከፈትኩ። በአማርኛ። ስብሰባ እየገባሁ፣ ያየሁትን እየጻፍኩ፣ ሊንኩን ቫይበር ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። ሰው ወደደው። ገበያ ላይ «አንተ ነህ የምትጽፈው?» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። ያጠፋኝ ይኸው ደረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልግባ። በሁለተኛው ዓመት መሰለኝ አንድ ማታ አንድ ሰው የደብዳቤ ፎቶ ላከልኝ። ከአንድ ፎቅ አከራይ ለተከራዮች የተላከ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው ፎቶ የተነሳው። አሁን የምትከፍሉት ይህን ያህል፣ አዲሱ ኪራይ ይህን ያህል ይላል። ልዩነቱ ለአንድ ክፍል በወር 240 ዶላር ነው። ደሜ ፈላ። ከሌላ ሰው መቅደም ደግሞ ፈልጌያለሁ። በሃያ ደቂቃ ጻፍኩት፤ ርዕሱ «ኪራይ በ240 ዶላር ጨመረ» ነበር። የተኛሁት ስልኬ እየጮኸ ነው። እንደዚያ የተነበበ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ከበታቼ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ እናት ደወሉልኝ። ቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። «ልጄ፣ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አለህ?» አሉኝ። ይዤ ወረድኩ። ሳሎኑ በሙዝ ካርቶን ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ የነበሩት ፎቶዎች ወርደው ቦታቸው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል። ጀበናቸውን በጋቢ ጠቅልለው ሶፋው ላይ እንደ ሕፃን አስተኝተውታል። ልጃቸው ጋ ቨርጂኒያ ሊገቡ ነው። ልጃቸው ደግሞ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ነው የምትኖረው። «አንተ ነህ አሉ የጻፍከው» አሉኝ። «እግዜር ይስጥህ። ቀድመህ ባትነግረን ምን ይውጠን ነበር።»

መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤውን አሳዩኝ አልኳቸው። ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሃል አወጡት። ሦስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነገሩ ተገለጠ። ኪራዩ አልጨመረም። አከራዩ ልጨምር ብሎ ለከተማው ያቀረበው ማመልከቻ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ላስረዳ፤ ታኮማ የምትኖሩ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። ከተማችን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኪራይ ቁጥጥር አላት። በየዓመቱ አከራይ መጨመር የሚችለው ጣሪያ የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ ይወጣል፤ ከጁላይ 1 ጀምሮ ይሠራል። አከራይ ከዚያ በላይ ልጨምር ካለ ማመልከት አለበት። ከተማው ሂሳቡን ይመረምራል። ተከራይ አስተያየት መስጠት ይችላል፤ ይግባኝም አለ። ያ ደብዳቤ የዚህ ሂደት መጀመሪያ ነበር። ሰው መጻፍና መቃወም በሚችልበት ሰዓት እኔ «አበቃ» ብዬ አስወራሁ። ለመቃወም የነበረውን ጊዜ ዕቃ ማሸጊያ አደረግኩት።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን መልቀሙንም አላወቅኩበትም። ማታውኑ ጽሑፉን ከብሎጉ አጠፋሁት። ዝም ብዬ። ያ ሁለተኛው ጥፋት ነው፤ አሁን ሳስበው ከመጀመሪያው ይከፋል። ጽሑፉ ቢጠፋም ስክሪንሾቱ በየግሩፑ ይዞራል። ሰው ሊንኩን ሲጫን ባዶ ገጽ ያገኛል። ወዲያው ሌላ ወሬ ተነሳ፤ «አከራዩ ከፍሎት አጠፋው» ተባለ። ይህን የነገረኝ ፀጉር አስተካካዬ ነው፤ መቀሱን ጆሮዬ ላይ ይዞ።

ከዚያ በኋላ ነው ማረሚያ የጻፍኩት። «ተሳስቻለሁ፤ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛው ይህ ነው፤ አስተያየት የምትሰጡት በዚህ አድራሻ ነው» አልኩ። እሱንም እንደ ስህተቱ ቫይበር ላይ ለቀቅኩት። ብዙ ሰው ግን ብሎግ አያነብም፤ ወሬውን የሰማው ከጎረቤት ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ አተምኩና በየፎቁ የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ለጠፍኩ። ልብሱ እስኪደርቅ ሰው ቆሞ ያነባል። የሚጽፍ ሰው ይህን ይያዝልኝ። ማረሚያ ስህተቱ በሄደበት መንገድ ሁሉ መሄድ አለበት፤ ስህተቱ በአፍ ከሄደ ማረሚያውም በአፍ ይሂድ። እናትየው ካርቶኑን ፈቱ። በመጨረሻ የተፈቀደው ጭማሪ ከተጠየቀው በጣም ያነሰ ነበር። ሁለት ቤተሰቦች ግን ቀድመው ለቀው ሄደዋል። እነሱን አላገኘኋቸውም።

ሦስት ወር አልጻፍኩም። ስብሰባ መግባት ግን አልተውኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የሰፈር ጋዜጣ ሪፖርተር ናቸው። አንድ ማታ ዝናብ ይዞን በረንዳ ላይ ቆመን የሆነውን ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። «ስንት ገጽ ነበር?» አሉኝ። ሦስት አልኳቸው። «አንዱን ነው ያነበብከው» አሉና ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ጎን ለጎን መቀመጥ ጀመርን። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አጀንዳ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል አሉኝ። ፊት ላይ ያለው ምርቃትና ምስጋና ነው። ጭቅጭቅ የሌለበት ተብሎ በአንድ ድምፅ በጅምላ የሚጸድቅ ክፍል አለ፤ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚተኛው እዚያ ነው። ደንብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚነበበው። መናገር ያለባችሁ በመጀመሪያው ንባብ ነው። እኛ የምንሰማው ሁለተኛው ካለፈ በኋላ ነበር። ለዚያ ነው ሁሌም «ሳንሰማ አጸደቁብን» የምንለው። ሰምተን ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት ነበረን።

ወረቀት ጠይቅ አሉኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ማንም ሰው የመንግሥት ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ ዜግነት አያስፈልግም። ፍለጋው የሚፈጀው የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ክፍያ የለውም፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። በመጀመሪያው ጥያቄዬ «ስለ ፎቆች ያላችሁን ሁሉ» ብዬ ጻፍኩና ብዙ መቶ ዶላር የሚያስከፍል ግምት መጣልኝ። ደነገጥኩ። ሽማግሌው ሳቁ። የአንዱን ፎቅ፣ የአንዱን ዓመት የፍተሻ ሪፖርት ብለህ ጠይቅ አሉኝ። በነጻ መጣ።

የቤልን ታሪክም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች፣ 40 ሺህ የማይሞላ ሰው ያላት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆነ የድሃ ከተማ ናት። በ2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ሲደርስበት የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር ደመወዝ ይወስድ ነበር። የፕሬዝዳንቱ ደመወዝ 400 ሺህ ነው። በኋላ 12 ዓመት ተፈረደበት። «ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነበር» አሉኝ ሽማግሌው። «የሚቀመጥ ጋዜጠኛ ግን አልነበረም።» ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም የማይወራበት ስብሰባ ላይ መቀመጥ አይሰለቸኝም። ውሸቴን ነው፤ ይሰለቸኛል። ግን እቀመጣለሁ።

ሌላው ልነግራችሁ የምፈልገው ምርጫን ነው፤ እዚህ ላይ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። በ2013 ደግሞ 16 ዓመት የሞላው እንዲመርጥ በመፍቀድ ከአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ሆናለች። ይህን አብዛኛው የእኛ ሰው አያውቅም። በ2020 የከተማው ምርጫ ከአገር አቀፉ ጋር በአንድ ቀን ሆነ። እኔም ደስ ብሎኝ «ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ መምረጥ ትችላላችሁ!» ብዬ ጻፍኩ። ከመልቀቄ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። የጀበና ቡና እየቀዳች «ለፕሬዝዳንትም?» አለችኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፕሬዝዳንት ወይም ለኮንግረስ ቢመርጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። የከተማው የምርጫ ወረቀት ለብቻው ነው፤ የዜጋ ያልሆነ ሰው ምዝገባም ከተማው ጋ እንጂ ሌላ ቦታ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «መራጭ ሆነህ ተመዝገብ» ሲባል እሺ ማለት ጦስ አለው። ደግሞም የዜግነት ማመልከቻው ላይ በማንኛውም ምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ የሚል ጥያቄ አለ። በሕጋዊ መንገድ ለከተማ የመረጠ ሰው ራሱ ይህን እንዴት እንደሚሞላ ጠበቃ ቢጠይቅ ይሻላል። ይህን ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ረስቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰውን ወረቀት የሚነካ ነገር ስጽፍ ሁለት ሰው ሳያነበው አይለቀቅም። አንዱ ነገሩን የሚያውቅ፣ አንዱ ምንም የማያውቅ። የማያውቀው ነው የሚያድናችሁ።

ስለ ፖለቲከኞች ብዙ የምለው የለኝም። ትንሽ ከተማ ውስጥ የምትጽፉበት ሰው ቲማቲም ስትመርጡ አጠገባችሁ ቆሞ ይመርጣል። አንድ የምርጫ ሰሞን ከአንድ ተወዳዳሪ 150 ዶላር የማስታወቂያ ተቀበልኩ። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ማስታወቂያ ነው የገዛው። እኔ ግን በቀጣዩ ስብሰባ የተናገረውን የማይረባ ነገር ሳልጽፈው ቀረሁ። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ራሱ አለፈው። ገንዘቡን መለስኩና ለሁሉም ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ሦስት ጥያቄ ልኬ መልሱን እንዳለ ተርጉሜ አወጣሁ። እስካሁን እንደዚያ ነው። የብሎጉን ወጪ የሚሸፍኑልኝ ሁለት ሱቆችና የአንድ እድር መዋጮ ናቸው። ትርፍ የለውም። ትርፍ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ሞክሩ።

ከሁሉ የቆየ ስህተቴ ብቻዬን መሥራቴ ነው። ታክሲ፣ ስብሰባ፣ ጽሑፍ፣ ሌሊት የሚደወል ስልክ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ማዘጋጃ ቤቱ አልጋ የለውም እንዴ?» አለችኝ። ኮቪድ መጥቶ ስብሰባው በዙም ሲሆን መኪና ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ ትንሽ አረፍኩ። ሽማግሌው ጓደኛዬ ግን ዙሙ አልሆነላቸውም፤ በኋላ ፍሎሪዳ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ያኔ ነው ሰው መፈለግ የጀመርኩት። ስምንት ዓመት ዘግይቼ ባይሆንም አራት ዓመት ዘግይቻለሁ። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሁኑ።

ያገኘኋት ልጅ የሃይስኩል ተማሪ ናት፤ የጎረቤቴ ልጅ። 16 ሞልቷት የከተማውን ምርጫ መርጣለች፤ አባቷ ገና ዜግነት እየጠበቀ ነው። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ እንግሊዝኛዬ እንደሚሰባበረው። እሷ በጀቱን ታነባለች፣ እኔ አማርኛውን አስተካክላለሁ። ባለፈው ወር አንድ ቁጥር ተሳስቼ አገኘችኝ። ማረሚያውን ራሷ ጻፈችው፤ ልብስ ማጠቢያው በር ላይም ራሷ ለጠፈችው።

እናትየው አሁንም ከበታቼ ናቸው። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ይጠይቁኛል፤ «ረቡዕ ምን አለ?» የሆነ ነገር ስነግራቸው ደግሞ መነጽራቸውን ወደ ታች ገፋ አድርገው ያዩኛል። «አንብበኸው ነው ወይስ ሰምተኸው?»

የፊታችን ረቡዕ በጀቱ የመጀመሪያ ንባብ ነው። ልጅቷ ፈተና አለባት። እኔ ነኝ የምሄደው።